ሄዷል ወይስ እያነበበ ነው? ስለ ታይመርና ስለ ተጠቃሚ ዝምታ በዴስክቶፕ ፕሮግራም

ሠራተኛው ከወንበሩ ተነስቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩ አያውቅም። የሚያውቀው የመጨረሻው ቁልፍ መቼ እንደተጫነና ማውሱ መቼ እንደተነቃነቀ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ግምት ነው። ሰውየው ለምሳ ወጥቶ ይሆናል፣ ስልክ እያነጋገረ ይሆናል፣ ወይም ስክሪኑ ላይ ያለውን ረጅም ውል በጥሞና እያነበበ ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን መወሰን አለበት፤ ይቆልፍ፣ ያስጠንቅቅ ወይስ ዝም ይበል? በባንክ መስኮት ወይም በሆስፒታል ካርድ ክፍል ለሚሠራ ፕሮግራም ይህ ውሳኔ ቀላል አይደለም። ያለቦታው ከቆለፈ ወረፋው ይቆማል፤ መቆለፍ ሲገባው ካልቆለፈ ደግሞ በአንዱ ሠራተኛ ስም ሌላው ገንዘብ ያንቀሳቅሳል።

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ኮድ አንድ ዓይነት ነው። በየ1 ሰከንዱ የሚጮህ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚቀሰቅስ ታይመር ይከፈታል፣ በጮኸ ቁጥር አንድ ቆጣሪ በ1 ይጨምራል፣ ማውስ ወይም ኪቦርድ ሲነካ ቆጣሪው ወደ 0 ይመለሳል፣ 900 ሲደርስ፣ ማለትም 15 ደቂቃ ሲሞላ፣ ፕሮግራሙ ይቆለፋል። በጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ይሠራል፤ ስለዚህ ማንም አይጠራጠረውም። ስህተቱ ግን ከሥሩ ነው፤ ታይመርን እንደ ሰዓት ቆጥሮታል።

ታይመር ሰዓት አይደለም። በዊንዶውስ ላይ የመስኮት ታይመር የሚልከው «ደብሊው ኤም ታይመር» የሚባለው መልእክት በወረፋው ውስጥ የመጨረሻውን ቦታ የያዘ ነው፤ ሌላ የሚስተናገድ መልእክት እስካለ ድረስ አይደርሰውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መልእክቶቹ አይጠራቀሙም። ፕሮግራሙ ከባድ ሪፖርት እያዘጋጀ ዋናውን ትሬድ (መስኮቱንና መልእክቶቹን የሚያስተናግደውን የሥራ መስመር) ለ30 ሰከንድ ቢይዘው፣ ሲለቀው የሚመጣው 30 ጩኸት ሳይሆን 1 ነው። ቆጣሪው 29 ሰከንድ ጠፋበት ማለት ነው። ላፕቶፑ ታጥፎ ለ2 ሰዓት ቢተኛስ? ታይመሩም አብሮ ተኝቷል። ክዳኑ ሲከፈት ቆጣሪው ካቆመበት ይቀጥላል፣ ፕሮግራሙም እንደተከፈተ ይገኛል፤ ጠዋት የገባው ሠራተኛ ስም ከላይ እንደተጻፈ፣ ኮምፒውተሩን የከፈተው ግን ሌላ ሰው ሆኖ። ይህ የደኅንነት ቀዳዳ ነው፣ የሚፈጠረውም በየቀኑ ነው።

መድኃኒቱ አጭር ነው። መቁጠር ይቅር፤ የመጨረሻው እንቅስቃሴ የተደረገበት ቅጽበት ይመዝገብ፣ ከአሁኑ ቅጽበት ላይ ይቀነስ። የታይመሩ ሥራ ቀስቅሶ «እስኪ እይ» ማለት ብቻ ይሁን። ዘግይቶ ቢጮህ፣ አንዴ ቢዘለል፣ ሁለቴ ቢደጋገም ውጤቱ አይዛነፍም፤ ምክንያቱም መልሱ የሚገኘው ከቅነሳው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከየትኛው ሰዓት ነው የሚቀነሰው የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው ሰዓት ቀንና ሰዓት የሚነግረውን የኮምፒውተሩን ሰዓት መጠቀም አያዋጣም። እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ የሞተችበትን ኮምፒውተር አስቡ፤ አገር ቤት በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ማሽን አይጠፋም። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሠራተኛው ፕሮግራሙን ከፍቶ ሥራ ይጀምራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኢንተርኔት ሲገኝ ዊንዶውስ ሰዓቱን ያስተካክላል። ፕሮግራሙ «ተጠቃሚው ለዓመታት አልነካኝም» ብሎ እጁ ኪቦርድ ላይ እያለ ይቆልፍበታል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲታረም ደግሞ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ፕሮግራሙ የተቀመጠለት ጊዜ አልፎም አይቆለፍም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ወደፊት ብቻ የሚሄድ፣ ማንም የማያርመው ቆጣሪ ነው። እዚህም ላይ የሚዘለል ጥያቄ አለ፤ ቆጣሪው ኮምፒውተሩ የተኛበትን ጊዜ ያካትታል? በዊንዶውስ «ጌት ቲክ ካውንት 64» ያካትታል፤ «ኩዌሪ አንባያስድ ኢንተራፕት ታይም» አያካትትም። በሊኑክስ «ክሎክ ሞኖቶኒክ» አያካትትም፤ «ክሎክ ቡትታይም» ያካትታል። በማክ «ማክ አብሶሉት ታይም» አያካትትም፤ «ማክ ኮንቲንዩየስ ታይም» ያካትታል። ለመቆለፍ ጉዳይ የሚፈለገው እንቅልፉን የሚያካትተው ነው። ሌላውን የመረጠ ሰው ያንኑ የክዳን ቀዳዳ በሌላ በር አስገባው።

የመጨረሻው ንኪ መቼ እንደነበር ዊንዶውስ ራሱ ይናገራል። «ጌት ላስት ኢንፑት ኢንፎ» የሚባለው ፈንክሽን ሁለት ባለ 4 ባይት ቦታ ያለው ስትራክቸር (የመረጃ ጥቅል) ይቀበላል። በመጀመሪያው ቦታ ላይ የስትራክቸሩ መጠን፣ ማለትም 8፣ አስቀድሞ መሞላት አለበት፤ ካልተሞላ ጥሪው አይሳካም፣ መልሱን የማያይ ኮድም ዜሮ ይዞ ይቀጥላል። በሁለተኛው ቦታ ላይ የሚመለሰው የመጨረሻው ንኪ በተደረገበት ቅጽበት ማሽኑ ከተነሳ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነው ነው።

ይህ ቁጥር ባለ 32 ቢት ነው። 4,294,967,296 ሚሊሰከንድ ሲሞላ፣ ማለትም ከ49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አዲሱንና የተሻለውን «ጌት ቲክ ካውንት 64»ን ወስዶ ይህን ባለ 32 ቢት ቁጥር ከሱ ላይ መቀነስ እጅግ የተለመደ ስህተት ነው። ለ49 ቀን ያለ እንከን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ትልቁ ቁጥር ማደጉን ይቀጥላል፣ ትንሹ ከዜሮ ይጀምራል፣ ልዩነቱም በአንዴ ከ49 ቀን በላይ ይሆናል። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ወዲያው ይቆለፋል፣ ተከፍቶ ወዲያው ይቆለፋል። ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ችግሩ ስለሚጠፋ ማንም ምክንያቱን አያገኘውም። «እኛ ማሽኑን በየማታው እናጠፋለን» ማለትም ዋስትና አይደለም፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያለው ፈጣን ማስነሻ ከበራ፣ ማጥፋት ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) ወደ ዲስክ አስቀምጦ መልሶ ማንሳት ስለሆነ ቆጣሪው ከዜሮ ላይጀምር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ባለ 32 ቢት፣ ሁለቱንም ምልክት የሌላቸው (ከዜሮ በታች የማይወርዱ) አድርጎ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት ቁጥሩ ዜሮን ቢያልፍም ልዩነቱ ትክክል ሆኖ ይወጣል። ወደ 64 ቢት መቀየር ካስፈለገ ከቅነሳው በኋላ ይቀየር።

«ጌት ላስት ኢንፑት ኢንፎ» የሚያየው የራሱን የተጠቃሚ ሴሽን (ተጠቃሚው ከገባ እስኪወጣ ያለውን የሥራ ክፍለ ጊዜ) ብቻ ነው። እንደ ሰርቪስ፣ ማለትም ያለ መስኮት ከጀርባ የሚሮጥ ፕሮግራም ከቪስታ ጀምሮ በሴሽን 0 ውስጥ ተነጥሎ ስለሚኖር፣ ከዚያ ሆኖ ቢጠይቅ የሠራተኛውን ኪቦርድ አያይም። ጥያቄው በተጠቃሚው ሴሽን ውስጥ ከሚሮጥ አነስተኛ ፕሮግራም መነሳት አለበት።

በሌሎቹ ሲስተሞች ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የሚለየው መለኪያው ነው፣ እሱም ብዙ ያሳስታል። በማክ «ኤችአይዲ አይድል ታይም» የሚመልሰው በናኖሰከንድ ነው። በሊኑክስ፣ የድሮው የመስኮት ሥርዓት በሆነው ኤክስ11 ላይ የስክሪን ሴቨር ኤክስቴንሽኑ በሚሊሰከንድ ይመልሳል። በዌብ ቴክኖሎጂ የዴስክቶፕ ፕሮግራም በሚሠራበት በኤሌክትሮን «ፓወር ሞኒተር» በሰከንድ። በአዲሱ የሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት በዌይላንድ ላይ ግን የድሮው የኤክስ11 ጥያቄ አይታመንም፤ ኮምፖዚተሩን (መስኮቶቹን ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ክፍል) በራሱ ፕሮቶኮል መጠየቅ ያስፈልጋል፣ በግኖም ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ መተር የተባለው የመስኮት አስተዳዳሪ «አይድል ሞኒተር» በዲባስ (ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት መስመር) በኩል አለ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የማን ዝምታ ነው የሚለካው፣ የማሽኑ ወይስ የፕሮግራሙ? ሠራተኛዋ ለ20 ደቂቃ በወርድ ደብዳቤ እየጻፈች ነው፤ የደንበኞች መዝገብ ከኋላ ተከፍቶ ቆይቷል። ማሽኑ አልተኛም፣ መዝገቡ ግን 20 ደቂቃ አልተነካም። «በሥራ ላይ ነኝ» የሚለውን ምልክት ለሚያሳይ የመልእክት ፕሮግራም የማሽኑ ዝምታ ይበቃል። ገንዘብ ወይም የሕመምተኛ ታሪክ ለያዘ ፕሮግራም ግን የራሱ ዝምታ መለካት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የክፍያ ካርድ መረጃን የሚገዛው ፒሲአይ ዲኤስኤስ ከ15 ደቂቃ በላይ ያልተነካ ሴሽን ዳግም ማንነት እንዲጠይቅ ሲያዝም የሚናገረው ስለ ሴሽኑ ነው።

የፕሮግራሙን ዝምታ ለመለካት እያንዳንዱ የመስኮት መሥሪያ የራሱ መንገድ አለው፤ በዊንዶውስ ፎርምስ የመልእክት ማጣሪያ ይመዘገባል፣ በደብሊውፒኤፍ የኢንፑት ማኔጀሩ «ፕሪ ፕሮሰስ ኢንፑት» ይደመጣል፣ በኪውት አፕሊኬሽኑ ላይ የኢቨንት (የድርጊት ማሳወቂያ) ፊልተር ይጫናል፣ በጃቫ ስዊንግ ደግሞ በቱልኪቱ ላይ ኤደብሊውቲ ኢቨንት ሊስነር። በዊንዶውስ ፎርምስ «አፕሊኬሽን አይድል» የሚባል ኢቨንትም አለ፤ እሱ ግን ስለ ተጠቃሚው አይናገርም። የሚናገረው የመልእክት ወረፋው ባዶ እንደሆነ ነው፣ ያም በእያንዳንዱ ቁልፍ መሃል ይሆናል።

ማጣሪያው ሲሠራ ሦስት ወጥመዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው የውሸት የማውስ እንቅስቃሴ ነው። ዊንዶውስ ከጠቋሚው ሥር ያለው መስኮት ሲቀየር፣ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ማንም ማውሱን ሳይነካ «ማውስ ተንቀሳቅሷል» የሚል መልእክት ይልካል። ስለዚህ መልእክቱ በመጣ ቁጥር የጠቋሚውን ቦታ ከቀድሞው ጋር ማወዳደር ግዴታ ነው፤ ቦታው ካልተለወጠ እንቅስቃሴ አይደለም። የኦፕቲካል ማውስ በሚያብረቀርቅ መስታወት ላይ ሲቀመጥ በራሱ ይንቀጠቀጣልና 3 ወይም 4 ፒክስል ያህል መቻቻያ ማድረግም ይጠቅማል።

ሁለተኛው የቁልፍ ዝርዝር ነው። «ፊደልና ቁጥር ከተጫነ እንቅስቃሴ ነው» ብሎ ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን ኮዶች የዘረዘረ ሰው፣ አማርኛ የሚጽፍን ሰው ሊያጣው ይችላል። አንዳንድ የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የተጫነውን ቁልፍ ይይዙና በምትኩ ፊደሉን ራሱን በዩኒኮድ ይልካሉ፤ ያ ሲሆን ፕሮግራሙ ጋ የሚደርሰው የቁልፍ ኮድ 231፣ «ፓኬት» የሚባለው ነው። የትኛውም ቁልፍ ቢሆን እንቅስቃሴ ነው፤ መዘርዘር አያስፈልግም።

ሦስተኛው በፕሮግራሙ ውስጥ የተከተተ ብራውዘር ነው። ዌብቪው2 የሚባለው የማይክሮሶፍት ብራውዘር በሌላ ፕሮሰስ (ራሱን ችሎ በሚሮጥ ፕሮግራም) ውስጥ ስለሚሮጥ በእሱ ላይ የሚጫኑ ቁልፎች በእርስዎ ማጣሪያ አያልፉም። ተጠቃሚው በዌብቪው ውስጥ ረጅም ፎርም እየሞላ በመሃል ይቆለፍበታል። እዚህ ላይ ከሁሉም የሚሻለው ዘዴ ሁለቱን መለኪያዎች ማጋባት ይመስለኛል። በየ1 ሰከንዱ ከፊት ያለው መስኮት የማን ፕሮሰስ እንደሆነ ይጠየቅ፤ የእኛ ከሆነ የማሽኑ የመጨረሻ ንኪ የእኛም ንኪ ነው ተብሎ ይመዝገብ። ማጣሪያ፣ የቁልፍ ዝርዝር፣ የውሸት ማውስ፣ አብዛኛው ጣጣ ይቀራል። መስኮታችን የፊቱን ቦታ ለሌላ መስኮት ሲለቅ አንዴ የመጨረሻውን ንኪ መዝግቦ በየሰከንዱ መጠየቁን ማቆም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ ስለሚታወቅ ለዚያ ቅጽበት አንድ ታይመር መሙላት ይበቃል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ለሚሠራ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩን በከንቱ አለመቀስቀስ ዋጋ አለው።

ኪቦርድም ማውስም ያልሆነ መሣሪያም አይረሳ። እንደ ኪቦርድ የሚሠራ የባርኮድ ማንበቢያ በራሱ ይቆጠራል። በሲሪያል ገመድ የተገናኘ የብር መቁጠሪያ ማሽን ግን አይቆጠርም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ለ10 ደቂቃ ብር ስትቆጥር ለዊንዶውስ ዝም እንዳለች ናት። ከእንዲህ ያለ መሣሪያ ዳታ ሲመጣ ፕሮግራሙ በገዛ ኮዱ የእንቅስቃሴውን ቅጽበት መመዝገብ አለበት።

የታይመር ምርጫን በተመለከተ በዶትኔት (በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) ውስጥ ያሉትን ብቻ ላንሳ። የዊንዶውስ ፎርምሱ ታይመርና የደብሊውፒኤፉ ዲስፓቸር ታይመር በዋናው ትሬድ ላይ ስለሚጮሁ ስክሪኑን መንካት ይችላሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጡትም እነሱ ናቸው። «ሲስተም ታይመርስ ታይመር» በሌላ ትሬድ ላይ ይጮሃል፣ ከዚያ ሆኖ መስኮት ለመቆለፍ ሲሞከር ስህተት ሊነሳ ይችላል። የዶትኔት ፍሬምወርኩ «ሲስተም ታይመርስ ታይመር» ደግሞ ያንን ስህተት ውጦ ዝም ይላል፤ መቆለፊያው እየከሸፈ ምንም ምልክት አይታይም። «ሲስተም ትሬዲንግ ታይመር» በበኩሉ የሚይዘው ተለዋዋጭ ከሌለ ቆሻሻ ሰብሳቢው (የማይፈለገውን ከሜሞሪ የሚያጸዳው ክፍል) ያነሳዋል። በሙከራ ጊዜ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ ሄዶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። በክላሱ ውስጥ ፊልድ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

የዋናው ትሬድ ታይመርም አንድ ክፉ ጠባይ አለው። በጩኸቱ ውስጥ የመልእክት ሳጥን ከተከፈተ፣ ሳጥኑ ራሱ መልእክቶችን ማስተናገድ ስለሚቀጥል ታይመሩ እንደገና ይጮሃል፣ ሌላ ሳጥን ይከፈታል። ሠራተኛው ከምሳ ሲመለስ በመቶ የሚቆጠር «ሊቆለፍ ነው» የሚል ሳጥን ተደርድሮ ያገኛል። በጩኸቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ታይመሩን ማቆም፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ማስነሳት።

ማስጠንቀቂያው ሳይታሰብበት የሚሠራ ክፍል ነው፣ ተጠቃሚው የሚያስታውሰው ግን እሱን ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ደብሊውሲኤጂ ተጠቃሚው ከማስጠንቀቂያው በኋላ በቀላል ድርጊት ጊዜውን የሚያራዝምበት ቢያንስ 20 ሰከንድ እንዲያገኝ ይላል። ለዴስክቶፕም የሚሠራ ዝቅተኛ ልክ ነው፤ እኔ 60 ሰከንድ እመርጣለሁ፤ እጁ ቀስ ለሚል ወይም ስክሪን በጆሮው ለሚያነብ ሰው 20 ሰከንድ ትንሽ ነው። የማስጠንቀቂያው መስኮት መከፈቱ ብቻውን ያን የውሸት የማውስ መልእክት እንደሚያመጣ አትርሱ። ቦታ የማያወዳድር ፕሮግራም ማስጠንቀቂያውን ያወጣል፣ መልእክቱን «ሰው ነካኝ» ብሎ ያነባል፣ ማስጠንቀቂያውን ይዘጋል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይደግመዋል። ፈጽሞ አይቆለፍም። ደግሞም መስኮቱ ከሌላ ፕሮግራም ላይ ትኩረት መንጠቅ የለበትም፤ ሰው በሌላ መስኮት እየጻፈ ስፔስ ሲጫን «ልቀጥል» የሚለው ቁልፍ ሳይታወቀው ይጫናል። ከመቆለፉ በፊት በመጨረሻዋ ቅጽበት የመጨረሻውን ንኪ አንዴ ደግሞ ማየትም ተገቢ ነው።

ጊዜው ሲያልቅ ምን ይደረግ? መቆለፍና ማስወጣት አንድ አይደሉም። ሰው ለ40 ደቂቃ የሞላውን ፎርም በማስወጣት ማጥፋት በደል ነው፣ ሰውም ከዚያ በኋላ ማውሱ ላይ ዕቃ መጫን ይጀምራል። መስኮቶቹ ይሸፈኑ፣ የተጻፈው በረቂቅነት ይቀመጥ፣ ሲመለስ የይለፍ ቃል ይጠየቅ። መለቀቅ ያለበት ዳታቤዙ ላይ የተያዘው ነገር ነው። ትራንዛክሽን (ገና ያልጸደቀ የዳታቤዝ ሥራ) ከፍቶ ለምሳ የወጣ ሠራተኛ የቆለፈውን መዝገብ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ በትራንዛክሽን ውስጥ ሥራ ፈትቶ የቆየን ግንኙነት የሚቆርጥ ማስተካከያ አለ፤ ክፍት ትራንዛክሽን ይዞ የተጠቃሚን ምላሽ አለመጠበቅ ግን ከዚያም ይሻላል።

ሰርቨሩም የራሱ ገደብ ያስፈልገዋል፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ «ወጥቻለሁ» ለማለት ጊዜ የለውም፣ ሠራተኛውም ሲመለስ «ቀድሞ ገብተሃል» ይባላል። ለዚህ ብሎ ፕሮግራሙ በየ30 ሰከንዱ ለሰርቨሩ «አለሁ» እንዲል ሲደረግ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ያ ጥሪ ራሱ የሰርቨሩን የዝምታ ቆጣሪ እያደሰ ሰው የሌለበትን ሴሽን ሌሊቱን ሙሉ ያኖረዋል። ዝርዝርን በራሱ የሚያድስ ታይመርም እንዲሁ ያደርጋል። ጥሪው «ተጠቃሚው ከነካኝ ይህን ያህል ሰከንድ ሆኖታል» የሚል ቁጥር ይያዝ፣ ሰርቨሩም የሚያራዝመው በዚያ ቁጥር ብቻ ይሁን።

ዊንዶውስ ራሱ ሲቆለፍ፣ ተጠቃሚ ሲቀየር ወይም ማሽኑ ከእንቅልፍ ሲነሳ ፕሮግራሙ ታይመሩን ሳይጠብቅ ወዲያው ቅነሳውን መሥራት አለበት። በዶትኔት «ሴሽን ስዊች» እና «ፓወር ሞድ ቼንጅድ» የሚባሉት ኢቨንቶች ይህን ይነግራሉ። ስታቲክ (ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የሚኖሩ) ስለሆኑ ግን መስኮቱ ሲዘጋ ካልተነቀሉ የተዘጋውን መስኮት በሜሞሪ ውስጥ አስረው ያስቀሩታል።

ለሙከራ 15 ደቂቃ መቀመጥ የለበትም፤ ገደቡ ከኮንፊገሬሽን ይነበብ፣ የአሁኑን ቅጽበት የሚሰጠው ክፍልም በሐሰተኛ የሚተካ ይሁን። በእሱ ላይ ባለ 32 ቢቱን ቁጥር ከዜሮው አጠገብ አስቀምጦ ማሻገር፣ በአንዴ 2 ሰዓት መዝለል። በእውነተኛው ማሽን ላይ ደግሞ ክዳኑን አጥፎ መክፈት፣ ሰዓቱን በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት መለወጥ፣ ከባድ ሪፖርት እየሮጠ መጠበቅ፣ በርቀት ዴስክቶፕ ገብቶ ግንኙነቱን በድንገት መቁረጥ፣ በአማርኛ ኪቦርድ ብቻ መጻፍ። ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ጠቋሚውን ልክ መስኮቱ የሚከፈትበት ቦታ ላይ አስቀምጦ እጅን ማንሳትም ይጨመር።